ከመስታወቱ ገንዳ የጠፉት የሳንግዋን ዓሦች

የምሥራች! ክፉ ነገር አይደለም! ተቆርጦ የወጣው እብጠት ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል! ሐኪሙ ውጤቱን አንብቦ ቀና አለና፣ «በሉ ፓ፣ ምንም የለብዎትም፤ ወደ ሥራዎ ይሂዱ» አለ። እሷም «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ሦስተኛውን ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ነርሷ እየሳቀች እጇን ይዛ አወጣቻት። ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ወንዙን ተሻገረ፤ የታ ማካም የጀልባ መሻገሪያ ከጠዋት ጀምሮ የሠርግ ቤት መስሏል።

የማን እንደሆነ ሳይነገር ደስታው ቀደመ፤ ደስታ መቼ ወረፋ ይጠብቃል! የሳንግዋን ነው። መንገደኛ ሁሉ አክስቴ ለማለት «ፓ ሳንግዋን» የሚላት፣ ከኮረዳነቷ ጀምሮ በመሻገሪያው መጠለያ ተቀምጣ የጀልባ ሒሳብ የምትቀበለው፣ ምላሷ ምላጭ፣ እጇ ጥጥ የሆነችው ሳንግዋን።

ሳንግዋን የተወለደችው አሸዋ በሚጭን ጀልባ ላይ ነው። አባቷ የብስ ላይ ቤት የሠራው እሷ መዋኘት ከቻለች በኋላ ነበርና፣ ዛሬም ድረስ «የማይነቃነቅ አልጋ ያዞረኛል» እያለች በሚወዛወዝ የገመድ መኝታ ላይ ነው የምትተኛው። አላገባችም። ለምን ብሎ የጠየቃት ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «እዚህ የሚመጣው ሁሉ ተሻጋሪ ነው፤ የሚቆይ አላጋጠመኝም።» የሬዲዮ ድራማ ሰምታ ዕንባዋን እያበሰች ሳለ ሒሳብ ሳይከፍል ሹልክ የሚል ካየች፣ ዕንባው ሳይደርቅ ጃንጥላዋን ይዛ ትነሳለች።

ከወንበሯ ጀርባ ያለው የመስታወት ገንዳ የሠፈሩ ሁሉ ነው። አንድ ምግብ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ነበር፤ ዓሣ በሕይወት እያሳዩ የሚሸጡበት። ሌላው ሰው ምን እናድርገው ሲል፣ ሳንግዋን በአሸዋና በኮምጣጤ ፈትጋ አበራችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ከቦዩም ከሩዝ ማሳውም ያገኘውን እያመጣ ጨመረበት። ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር ያላቸው ደቃቆች መጡ፤ አጥንታቸው ከውጭ የሚቆጠር፣ ብርሌ የመሰሉ መጡ፤ መስታወቱን ቀኑን ሙሉ የሚስሙ ከንፈራሞች መጡ፤ ጀርባው ስለት የመሰለ፣ «ቢላዋ» የሚል ስም የወጣለት አንድ ትልቅም መጣ። ጀልባ የዘገየበት ሰው ፊቱን ወደ ገንዳው አዙሮ ንዴቱን ይረሳል።

የራሷ የምትላቸው ግን ሞዎቹን ነበር። ሞ አመድማ ቀለም ያለው፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ዓሣ ነው፤ መልክ የለውም። ግን እንዲህ ያለ ግትር ፍጥረት አልተፈጠረም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከደረቀው ኩሬ ወጥቶ፣ በደረቱ እየተሳበ አስፋልት ያቋርጣል፤ ያን ጊዜ የጭነት መኪና ይፈጨዋል። ሳንግዋን ታዲያ በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ የሣር ባርኔጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ትወጣለች፤ መኪናውን በጃንጥላ እያስቆመች፣ ሞዎቹን በባርኔጣዋ እየለቀመች ወደ ገንዳው ታመጣለች። ገንዳው ውስጥ ከደርዘን የማያንሱ ነበሩ። ድምፅዋን ሲሰሙ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከጣቷ ይበላሉ።

ባለፈው በጋ ሳንግዋን ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለማንም ሳትናገር ወደ ወረዳው ሆስፒታል ሄደች። «ተቆርጦ ይውጣና ይመርመር» ተባለች፤ ለክረምቱ ማብቂያ ቀጠሮ ተሰጣት። እሺ ብላ ተመለሰች። እሺ ያለው ግን አፏ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ወደ ባንኮክ ሆስፒታል ሄዳ አልተመለሰችምና፣ ለሳንግዋን ሆስፒታል መግቢያ እንጂ መውጫ በር ያለው ቤት አይደለም። ምሥጢሯን ሆዷ ውስጥ ቀብራ ሒሳብ መቀበሏን ቀጠለች።

ዝናቡ እንደገባ አንድ ሞ ጠፋ።

«ፒ ቡንሎት፣ ከሞዎቹ አንዱ የለም» አለችው ጀልባ ነጂውን። ቡንሎት ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ፣ በዕድሜ የሚቀድማት ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት እንደሚባል «ፒ» ትለዋለች።

«ዝናብ ሸቶት ዘሎ ወጥቶ ይሆናላ። እስካሁን መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው።»

«አታሹፍ።»

«ማን አሾፈ? ሒሳብ ሳይከፍል ተሻግሮ ከሆነ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ገንዳውን በመረብ ሸፈነችው፤ በዳር በዳሩ ጡብ ጫነችበት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ጠፋ። ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ፈለገች፤ ሬሳ የለም፣ ቅርፊት የለም፣ የሞተ ዓሣ ባለበት የማይቀረው የጉንዳን ሰልፍ እንኳ የለም። ሦስተኛው ተከተለ። ብርሌዎቹ ሙሉ ናቸው፤ ከንፈራሞቹ መስታወታቸውን ይስማሉ፤ መስመረኞቹ ይርመሰመሳሉ። በሽታ ቢሆን ሁሉንም ባልነካ? ድመት ብትሆን እነዚያን የሰቡትን ትታ አጥንታሙን ሞ ምን ትፈልጋለች? ለምን ሞ ብቻ?

መንገደኛው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ጥርጣሬው በቢላዋ ላይ ወደቀ፤ ትልቅ ነው፣ ሲመሽ ይነቃል፣ አፉ ሰፊ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ቢላዋ በባልዲ ተይዞ ወደ ገዳሙ ኩሬ ተሰደደ፤ ሳንግዋን እስከ ገዳሙ በር እየሸኘች ሰደበችው። ሰው ወደ ገዳም ስንቅ ይዞ በሚሄድበት በቀጣዩ የበዓል ቀን ሌላ ሞ ጠፋ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ጨው ጨመረች። የደረቀ ቅጠል ዘፍዝፋ ውሃውን ሻይ አስመሰለችው። ማጣሪያውን ፈታ ገጠመች። በመጨረሻ ዓይኗ ወደ ጂያም ዞረ። ጂያም ከመጠለያው አጠገብ የኑድል ሾርባ የምትሸጥ፣ ወፍራም፣ ነገር የማያልፋት ሴት ናት፤ ሞ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ በኮምጣጣ መረቅ ሲሠራ ጣት ያስቆረጥማል። አንድ ቀን ሳንግዋን ሄደችና ምንም ሳትል የድስቱን ክዳን አነሳች።

«ፒ ሳንግዋን፣ ድስቴ ውስጥ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ምንም። ሽታው ጠርቶኝ ነው።»

«ያን ሁሉ ዓመት ያልጠራሽ ሽታ ዛሬ ገና ስምሽን አወቀ? በይ አማስዪው! እስከ ታች ድረስ አማስዪው! የአሳማ አጥንት ነው። ሞ ካገኘሽበት እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ይሰካ!»

«እኔ ሞ የሚል ቃል ወጣኝ?»

«አፍሽ ባይል ዓይንሽ ብሏል።»

ጂያም ይህን ስትል ግን ጆሮዋ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ፊቷንም ወደ እሳቱ መለሰች። ሳንግዋን ይህን አየች፤ አይታም ክዳኑን መልሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሦቹ ለማንም አልተናገረችም።

ምክንያቱም ሌላ ነገር ገብቷት ነበር፤ ወይም የገባት መስሏት ነበር። እነዚህን ነፍሶች ከጎማ ሥር ያወጣቻቸው እሷ ናት። የተጨመረላቸው ዕድሜ በእጇ የተጨመረ ነው። አሁን ያለ ሕመም፣ ያለ ሬሳ፣ አንድ በአንድ እየተጠሩ ነው። የሚጠራቸው ማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠራውም ማንን እንደሆነ ለእሷ ግልጽ ሆነ። አንዱ በጎደለ ቁጥር እጇ ወደ ደረቷ ይሄዳል፤ እብጠቱ ያደገ ይመስላታል። ምግብ አስጠላት። ቀሚሷ ሰፋት። «ፓ፣ ምነው ከሳሽ?» የሚላትን «ወገቤን እያሳመርኩ ነው፣ ባል ልፈልግ» ትላለች። በልቧ ግን ቆረጠች፦ የመጨረሻው ሞ ከጠፋ ሆስፒታል አልሄድም። ላይቀር ነገር ሰው ቤት ምን አስኬደኝ? ወንዜን እያየሁ ይሻለኛል።

ክረምቱ አለቀ። ቀጠሮው ነገ ነው። ገንዳው ውስጥ የቀረው አንድ ሞ ነበር፤ ጭራው የተቀደደ፣ ሽማግሌ ሞ።

ቀኑ የበዓል ቀን ነበርና ሳንግዋን እንደ ልማዷ ለመነኮሳቱ ሩዝ ቋጥራ ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ዕንባዋ ቀደማት። ሩዙን ለጎረቤት ሰጥታ ተመለሰች፤ ስታለቅስ እንዳትታይ ከገንዳው ወዲያ፣ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች ከተሰቀሉበት ጀርባ ገብታ ቁጭ አለች። መጠለያው ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ገዳም ነው።

የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። በሰደርያዎቹ መካከል ስታይ ጂያም ናት፤ በእጇ ያ ረጅም እጀታ ያለው የኑድል ማጥለያዋን ይዛለች። ግራ ቀኟን አየች፤ ጡቡን አነሳች፤ መረቡን ገለጠች፤ ማጥለያውን ወደ ውሃው ሰደደች።

«እጅሽን ከገንዳው!» የሚል ነጎድጓድ ከበሩ መጣ።

ጂያም ማጥለያውን ልትጥል ምንም አልቀራትም። «ኧረ ቀስ በል! ልቤን አወረድከው! አንተ ደግሞ ባልዲ ይዘህ ምን ትሠራለህ?»

ቡንሎት ባልዲውን ወደ ጀርባው ደበቀ፤ ባልዲ ግን በሰው ጀርባ የሚደበቅ ዕቃ አይደለም። «እ… ለጀልባው ውሃ ልቀዳ ነው።»

«ከታችህ ወንዝ እያለ ከዓሣ ገንዳ ልትቀዳ?»

«አንቺስ? ኑድል እየቀቀልሽ ነው? ለካ ሌባዋ አንቺ ነሽ! ያን ሁሉ ዓሣ!»

«ያን ሁሉ? እኔ የወሰድኩት አንድ ብቻ ነው!»

«እኔም አንድ ብቻ ነው!» አለ ቡንሎት፤ ብሎም አፉን በእጁ ያዘ።

ጂያም ማጥለያውን ከውሃው አወጣች።

«አንተ ምን ልታደርገው?» አለች ጂያም፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ለእሷ ነዋ! ሆስፒታል ወረፋ ላይ አየኋት፣ ጡቷን ነው አሉ፣ ቀጠሮም ሰጥተዋታል፣ ብለሽ የነገርሽኝ ራስሽ አይደለሽም? ለታመመ ሰው ሞ ወንዝ ይለቀቅለታል፤ ይሄን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት። ደግሞ ከገበያ ተገዝቶ የተለቀቀ የት ይደርሳል! ይሄ እሷ ከጎማ ሥር ያወጣችው፣ ከጣቷ የበላ ነፍስ ነው። ነጻ ሲወጣ በረከቱ መንገድ ሳይጠይቅ ወደ እሷ ይመለሳል ብዬ… አንድ ቢጎድል አታውቅም ብዬ…»

«እኔም እኮ እንደዚያው አስቤ ነው» አለች ጂያም፤ ማጥለያው እጇ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። «ድስቴን ከፍታ ስታይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዳልነግራት ደግሞ፣ እሷ መታመሟን ከደበቀች እኛ ማን ነን የምናወጣባት?»

«ታዲያ ሌሎቹን ማን ወሰዳቸው?»

«እኔ… ለትምህርት ቤቱ መምህር ነግሬዋለሁ። ማንም እንዳይሰማ ብዬ ነው የነገርኩት።»

«እኔ ለጀልባ አናጺው ነግሬዋለሁ። ማንም እንዳይሰማ ብዬ።»

«አናጺው ሚስት አለው።»

«ሚስቱ እህቶች አሏት።»

ሁለቱም አንድ ሞ ብቻ የቀረበትን ገንዳ አዩ። ለካ ሠፈሩ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ብቻውን፣ እያንዳንዱ አንድ ብቻ!

«እና ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ ቡንሎት። «ነገ ቀጠሮዋ ነው፤ በይ ዞር በይ፣ እኔ ልልቀቅላት።»

«ቀድሜህ የመጣሁት እኔ ነኝ!»

«በዕድሜ እበልጥሻለሁ!»

«በውፍረት እበልጥሃለሁ፣ ዞር በል!»

ያን ጊዜ ሰደርያዎቹ ተንቀሳቀሱ። ሳንግዋን ፊቷ በዕንባ ርሶ፣ ጸጉሯ ላይ የአንዱ ሰደርያ ፊሽካ በክሩ ተንጠልጥሎ ብቅ አለች። ሁለቱ መንፈስ ያዩ ይመስል ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነበር።

«ቢላዋን በግፍ አሰደዳችሁኝ!»

ጂያም ማልቀስ ጀመረች። ቡንሎት መሳቅ ጀመረ፤ ሳንግዋንም ሁለቱን አንድ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው፦ እብጠቱን፣ እናቷን፣ አንድ ሞ በጎደለ ቁጥር ያሰበችውን፣ የቆረጠችውን።

ቡንሎት ባልዲውን ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «አልሄድም ብለሽ ነበር?» አለ። «እኛ እኮ… አንቺ ከሳሽ ብለን ነው እንደገና ለሌላ ሰው የምንነግረው። እሱ ደግሞ አንድ ይለቃል። አንቺ ያንን አይተሽ ትከሻለሽ። ሳንግዋን፣ ለዕድሜሽ ብለን ልንገድልሽ ነበር እኮ!»

«ልትገድሉኝ ነበር» አለች ሳንግዋን። «እንደናንተ ያለ ገዳይ ለሁሉ ሰው ይስጠው።»

ስትናገር የቀለደች መስሏት ነበር፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን እውነት ሆኖ አገኘችው። ያ ሁሉ ሳምንት ብቻዬን ነኝ ብላ በዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ስትቀመጥ፣ ሳንቲሙን ሰጥቷት ያለፈው እጅ ሁሉ በጎን ለእሷ ሲለምን ኖሯል። የጎደለው ዓሣ ሁሉ አንድ ሰው ነበር። መምህሩ ነበር፤ አናጺው ነበር፤ እነዚያ ወሬኛ እህትማማቾች እንኳ ነበሩ። በሞት የተጠሩ የመሰሏት ሞዎች ይኸው ከእግሯ ሥር በሚያልፈው ወንዝ፣ አንዱ ከሌላው በተሻለ እየሰቡ ይዋኛሉ።

የመጨረሻውን ሞ ማንም አልነጠቃትም። ራሷ በማጥለያው አወጣችው፤ ቡንሎት ባልዲውን ያዘላት፤ ጂያም ክንዷን ደግፋ ደረጃውን አወረደቻት። ባልዲውን ግንባሯ ላይ አስነክታ ጥቂት አነበነበች። ለራሷ አልለመነችም፤ ለእሷ የተለመነው ይበቃል አለች። የእያንዳንዳቸውን ስም እየጠራች ለእነሱ ነበር የለመነችው። ሞው ጭራውን አንዴ መታና ሄደ፤ አመሰግናለሁም አላለ፣ ግትር ፍጥረት!

በማግስቱ ጠዋት ቡንሎት ሞተሩን አስነሳና መሪውን ወደ ወንዙ ወራጅ አዞረ። ያ ጀልባ ከተሠራ ጀምሮ ከዳር ወደ ዳር እንጂ ወንዙን ተከትሎ ሄዶ አያውቅም። ገበያ ሊሻገሩ የተሳፈሩ ሰዎች ግራ ገባቸው።

«ኧረ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል ነው! መውረድ የሚፈልግ አሁን ይውረድ!»

ዙሪያው ውሃ ነው፣ የት ይወርዳል? ግን ሳንግዋንን አዩዋትና ገባቸው፤ የመጠየቅ ነገር ቀረ። ዳክዬዎቿን ለሽያጭ የያዘች አንዲት ሴት እንዲያውም ወደ ፊት ተጠጋችና፣ «እንኳን የፓ ሆስፒታል ሆነ፤ ገበያውማ ነገም አለ» አለች። ዳክዬዎቹ እስከ ሆስፒታሉ ደረጃ ድረስ አጀቧት። ጂያም የሩዝ ገንፎ በፔርሙስ ይዛ፣ ነርሶቹን በየተራ እየጠየቀች፣ እስክትባረር ድረስ ከክፍሉ በር አልተነቃነቀችም።

እብጠቱ ተቆርጦ ወጣ፤ ቁስሉም ደኅና ሻረ። የቀረው ውጤቱ ነበር፤ እሱን ስትጠብቅ ግን ሳንግዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አልጠበቀችም። ፈራሁ ማለትን ተማረች። ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጥላት ፍራፍሬ ሒሳብ መቁጠሪያ ቦታ አሳጣት፤ የላላው ቀሚሷም መልሶ ጠበባት።

ዛሬ ጠዋት ይኸው ከሆስፒታል ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆሞ የጠበቃት ሰው ብዛት መሻገሪያውን ዘጋው። ጂያም ድስቷን በነጻ ከፍታለች። ቢላዋ በይቅርታ ከገዳሙ ኩሬ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ እየተንጎራደደ ነው፤ ሲመለስ መነኩሴው ራሳቸው በባልዲ ይዘውት ነው የመጡት። ሳንግዋን ከጀልባው ሳትወርድ ገና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች፦

«ዓሦቼን የወሰዳችሁ፣ እጃችሁን አውጡ!»

መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ከዚያ ቡንሎት አወጣ። ጂያም አወጣች። መምህሩ፣ አናጺው፣ ሚስቱ፣ እህትማማቾቹ። ስሟን እንኳ በትክክል የማያውቁ፣ በጠዋት ተሻግረው በማታ የሚመለሱ ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ፤ የወጣው እጅ ገንዳው ይዞት ከነበረው ሞ በለጠ። ለካ ከገንዳው ያልደረሳቸው ከቦዩ ይዘው ለቅቀውላት ነበር።

ሳንግዋን ይህን አየች። መዳፎቿን ገጥማ፣ እስከ ግንባሯ ከፍ አድርጋ፣ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ላሉት ሁሉ ሰገደች፤ ደጋግማ ሰገደች። አሁንም ገና እየሰገደች ነው፤ ሰው ደግሞ እየበዛ ነው።

ከወዲያኛው ዳር፣ ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጣ የኮኮናት ቅጠል የምታጥፍ አንዲት አሮጊት ግን አለች፤ ጆሮዋ ከብዷል፣ የዛሬው ጩኸት ሁሉ አልደረሳትም። እጇን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ወደዚህ እያየች ነው። ተሻግሬ፣ አፌን ጆሮዋ ላይ ደቅኜ የምሥራቹን ልጩህላት። ቡንሎት ገመዱን እየፈታ ነው፤ ቆይ! ቆይ፣ ሰው ቀርቷል!